ወደ ጂቲኦ ስንት ኪሎ ይደርሳል? የሮኬትን አቅም በስልክ ካልኩሌተር ማስላት

ባሕር ዳር ውስጥ ጣሪያ ላይ ያሉትን ዲሾች ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ናይልሳት የሚያዩት ፊታቸውን ወደ ምዕራብ ሰጥተዋል። ኢትዮሳት የሚያዩት ደግሞ ወደ ምሥራቅ ዞረው፣ ትንሽ ወደ ደቡብ አዘንብለው፣ ከናይልሳቶቹ ይልቅ ቀና ብለዋል። ኢትዮሳት ሥርጭት የጀመረበት ሳተላይት ኤንኤስኤስ 12 ይባላል። ቦታው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከእኛ ከተማ ሲታይ ከአድማስ 63 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ቆሟል። ቀንም ሌሊትም ከዚያች ነጥብ አይነቃነቅም።

ይህ ሳተላይት በጥቅምት 2009 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው ናቸው) ከኩሩ፣ ፈረንሳይ ጊያና፣ በአሪያን 5 ሮኬት ተነሣ። ሲነሣ 5.6 ቶን ይመዝን ነበር። ሮኬቱ ግን ቦታው ድረስ አልወሰደውም። መንገድ ላይ ለቀቀው። የቀረውን ዳገት የወጣው በራሱ ነዳጅ ነው። የተለቀቀበት መንገድ ጂቲኦ ይባላል፤ ወደ ቋሚው ምህዋር መሸጋገሪያ ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው በጎረቤቴ ልጅ ምክንያት ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ሮኬት ነፍሱ ነው። አንድ ቀን ደብተሩን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ፋልኮን 9 22.8 ቶን ይጭናል፣ አሪያን 6 ግን 11.5 ቶን ብቻ። እንዴት ነው አሪያንን ሰው የሚገዛው?» አለኝ። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት የተለያየ ቦታ ነው። 22.8 ቶን ምድር አጠገብ ላለ ዝቅተኛ ምህዋር ነው። 11.5 ቶን ደግሞ ለጂቲኦ፣ ያውም አራት የጎን ሞተር ላለው ለትልቁ አሪያን 6 ነው። ቁጭ ብለን ከመጀመሪያው አሰላነው። እናንተም በስልካችሁ ካልኩሌተር ልትሠሩት ትችላላችሁ። ስልኩን አግድም አዙሩት፤ ስኩዌር ሩት፣ ኮሳይንና ኤክስፖነንት ያሉበት ገጽ ብዙ ስልክ ላይ ይመጣል።

እርምጃ 1፦ መነሻውንና መድረሻውን በቁጥር ጻፉ

መድረሻው ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ክብ ነው። እዚያ ያለ ሳተላይት ምድርን አንዴ ለመዞር 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይፈጅበታል። ምድርም በራሷ ዛቢያ የምትዞረው በዚያው ጊዜ ነው። ስለዚህ የቆመ ይመስለናል። ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 3.075 ኪሎ ሜትር ነው።

መነሻችን ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው ክብ ምህዋር ይሁን። ሮኬቱ መጀመሪያ እዚህ ይደርሳል፤ ከዚህ ወደ ላይ ይተኩሳል። ጂቲኦ ሞላላ ነው። ቅርብ ጫፉ 200 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሩቅ ጫፉ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ስሌት ውስጥ የሚገባው ከፍታው አይደለም። ከምድር መሐል ያለው ርቀት ነው። በእያንዳንዱ ከፍታ ላይ 6,378 ጨምሩ። 200 የነበረው 6,578 ይሆናል። 35,786 የነበረው 42,164 ይሆናል። እኔ ራሴ ስጀምር ይህን ረስቼ አንድ ሙሉ ምሽት አቃጥያለሁ።

እርምጃ 2፦ ሮኬቱ ስንት ፍጥነት መጨመር እንዳለበት አውጡ

የምድርን ስበት የሚወክለው ቁጥር 398,600 ነው። ለክብ ምህዋር ቀመሩ ቀላል ነው፦

ፍጥነት = √(398,600 ÷ 6,578) = 7.784 ኪሎ ሜትር በሰከንድ።

44 የሚል መልስ ከመጣላችሁ 200ን ብቻ አስገብታችኋል፤ ወደ እርምጃ 1 ተመለሱ።

ለሞላላው ምህዋር የሁለቱን ጫፎች አማካይ ፈልጉ። 6,578 እና 42,164 ደምራችሁ ለ2 ስታካፍሉ 24,371 ይመጣል። ቀጥሎ፦

ፍጥነት = √(398,600 × (2 ÷ 6,578 − 1 ÷ 24,371)) = 10.239 ኪሎ ሜትር በሰከንድ።

ልዩነቱ 2.455 ነው። ሮኬቱ ምህዋር ከገባ በኋላ በሰከንድ 2,455 ሜትር ፍጥነት መጨመር አለበት። በዚህ ጭማሪ ብቻ ከባሕር ዳር ጎንደር ያለው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በ73 ሰከንድ ያልቃል። የፍጥነት ለውጡን የሙያው ሰዎች ዴልታ ቪ ይሉታል። ከዚህ በኋላ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ሩቅ ጫፍ ላይ ሲደርስ ስንት ይቀረዋል? 10.239 × 6,578 ÷ 42,164 = 1.597 ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ እርምጃ 4 ላይ ሁሉ ነገር እሱ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። እዚያ ከፍታ ላይ ለመቆየት 3.075 ያስፈልጋል። ያለው ግን ግማሹ ነው። ካልተጨመረለት ተመልሶ ይወርዳል፤ ወደ ምድር አጠገብ መጥቶ እንደገና ይወጣል።

እርምጃ 3፦ ዴልታ ቪውን ወደ ኪሎ ቀይሩ

እዚህ የሚያስፈልገን ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፂዮልኮቭስኪ በ1903 ያሳተመው ቀመር ነው። ሮኬት ከመተኮሱ በፊት ያለው ክብደት፣ ተኩሶ ሲጨርስ ላለው ክብደት ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር በሁለት ነገር ይወሰናል። አንዱ ዴልታ ቪው ነው። ሌላው ጋዙ ከሞተሩ የሚወጣበት ፍጥነት ነው።

የጋዙን ፍጥነት ለማግኘት የሞተሩን ስፔሲፊክ ኢምፐልስ በ9.807 አባዙ። ስፔሲፊክ ኢምፐልስ በሰከንድ የሚጻፍ የሞተር ጥራት መለኪያ ነው። ሮኬት በእርከን ይሠራል፤ የታችኛው ነዳጁን ጨርሶ ሲጣል የላይኛው ጉዞውን ይቀጥላል። የፋልኮን 9 ላይኛው እርከን ሞተር 348 ሰከንድ አለው። ስለዚህ 348 × 9.807 = 3,413 ሜትር በሰከንድ።

አሁን 2,455ን ለ3,413 አካፍሉ፤ 0.7193 ይመጣል። ኤክስፖነንት የሚባለውን ቁልፍ (eˣ) ተጫኑ፤ 2.053 ይሰጣችኋል። ትርጉሙ ከባድ ነው። ከ200 ኪሎ ሜትር ምህዋር ተነሥቶ ጂቲኦ ለመግባት ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ማቃጠል አለበት።

እንሞክረው። ፋልኮን 9 የትኛውም እርከኑ ለዳግም አገልግሎት ሳይመለስ ዝቅተኛ ምህዋር ላይ 22.8 ቶን ያደርሳል። የላይኛው እርከን ባዶ ክብደት ለስሌታችን 4 ቶን ይሁን። አንድ ላይ 26.8 ቶን ምህዋር ላይ አለ። የጂቲኦ ጉዞ ሲሆን ያ 22.8 ቶን ሁሉ ሳተላይት አይሆንም፤ አብዛኛው ገና ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። 26.8 ÷ 2.053 = 13.05። ከዚህ ላይ ባዶውን 4 ቶን ቀንሱ። 9 ቶን ቀረ። የፋልኮን 9 አምራች ስፔስኤክስ የሚያስተዋውቀው 8.3 ቶን ነው። በአንድ ገጽ ወረቀት እዚህ ድረስ መቅረብ ለእኔ አሁንም ያስደስተኛል። ልዩነቱ የሚጠፋው ለጥንቃቄ በሚተው ነዳጅ፣ በዳግም ማስነሻና እኛ ባልቆጠርናቸው ትንንሽ ኪሳራዎች ላይ ነው።

አሁን ከ348 ይልቅ 450 አስገቡ። ይህ ፈሳሽ ሃይድሮጅን የሚያቃጥሉ የላይኛ እርከኖች የሚያገኙት ነው። 2.053 የነበረው 1.744 ይሆናል። 26.8 ለ1.744 ሲካፈል 15.4፤ 4 ሲቀነስ 11.4 ቶን። ሌላ ምንም ሳንነካ ከ2 ቶን በላይ አተረፍን። አሪያኖች ለመያዝ አስቸጋሪ የሆነውን ሃይድሮጅን የሚታገሉት ለዚህ ነው። ዝቅተኛ ምህዋር ላይ ልዩነቱ ያን ያህል አይታይም፤ ሩቅ ሲኬድ ነው የሚገለጠው።

ያ የቀነስነው 4 ቶን ላይ ትንሽ እንቆይ። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቁታል። የደንገል ታንኳ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል። ደንገሉ የጠጣው ውኃ የሚከብደውን ያህል ከእንጨት ጭነቱ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ዳር አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። የላይኛው እርከንም እንዲሁ ነው። ብረቱ ላይ አንድ ኪሎ ከጨመረ ከሳተላይቱ አንድ ኪሎ ሙሉ ይቀነሳል። የታችኛው እርከን ላይ ግን አንድ ኪሎ ቢጨምር የሚቀነሰው ከፊል ኪሎ ነው፤ እሱ ቀድሞ ይጣላልና።

እርምጃ 4፦ «የትኛው ጂቲኦ?» ብላችሁ ጠይቁ

ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ እርምጃ ነው። ሰዎች «5.5 ቶን ወደ ጂቲኦ» የሚል አንብበው ያልፋሉ። ጂቲኦ ግን አንድ ቦታ አይደለም። አንዱ ጂቲኦ ለመድረሻው ቅርብ ነው፤ ሌላው ሩቅ ነው። ርቀቱ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን ሳተላይቱ ገና በሚቀረው ዴልታ ቪ ነው።

ዋናው ምክንያት ዝንባሌ ነው፤ ምህዋሩ ከምድር ወገብ አንጻር የሚያዘነብልበት ማዕዘን ማለት ነው። ቋሚው ምህዋር ልክ ከምድር ወገብ በላይ ነው። ሮኬት በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ሲተኮስ ግን የምህዋሩ ዝንባሌ ከማስወንጨፊያው ኬክሮስ ጋር እኩል ይሆናል። አሜሪካ ፍሎሪዳ ካለው ከኬፕ ካናቬራል ከሆነ 28.5 ዲግሪ ያዘነብላል። ከኩሩ ከሆነ የተለመደው 6 ዲግሪ ነው። ያን ማዘንበል ማቃናት ነዳጅ ይበላል።

ዝንባሌው የሚቃናው ሩቅ ጫፍ ላይ ነው። እዚያ ሳተላይቱ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ አቅጣጫ ማስቀየር ይረክሳል። ፍጥነት መጨመሩና አቅጣጫ ማቃናቱ በአንድ ተኩስ አብሮ ይሠራል። ቀመሩ በትምህርት ቤት የተማርነው የኮሳይን ሕግ ነው። በቅደም ተከተል እንዲህ አድርጉ።

3.075 × 3.075 እና 1.597 × 1.597 አስልታችሁ ደምሩ። 12.006 ይመጣል። ከዚያ 2 × 3.075 × 1.597 አባዙ፤ 9.822 ነው። ይህን በዝንባሌው ኮሳይን አባዙት። ለ28.5 ዲግሪ ኮሳይኑ 0.8788 ስለሆነ 8.631 ይሆናል። ከ12.006 ላይ ቀንሱት። 3.375 ቀረ። ስኩዌር ሩቱ 1.837 ነው። 4.6 ከመጣላችሁ ካልኩሌተሩ ራዲያን ላይ ነው፤ ወደ ዲግሪ ቀይሩት።

በዚሁ መንገድ ሌሎቹን ስታሰሉ ለኩሩ 1.50 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ታገኛላችሁ። ካዛኪስታን ካለው ከባይኮኑር የሚነሡ ሮኬቶች የሚገቡበት 51.6 ዲግሪ ሳይቃና ቢቀር 2.43 ይሆናል። የእኛን ባሕር ዳርም አስልተነዋል። ኬክሮሳችን 11.6 ዲግሪ ነው። መልሱ 1.54 ነው። ከኩሩ የምንርቀው በሰከንድ 50 ሜትር ገደማ ብቻ ነው! ልጁ ይህን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ።

የምድር መዞርም ይረዳል፤ ግን እዚህ ብዙ አትቁሙ። ምድር ወገብ ላይ በሰከንድ 465 ሜትር በነፃ ታገኛላችሁ። ባሕር ዳር ላይ 456፣ ኬፕ ካናቬራል ላይ 409 ነው። ልዩነቱ አለ፤ የዝንባሌው ግን ይበልጣል።

ስለዚህ የሮኬት አምራች መግለጫ ስታነቡ ከቶኑ ቀጥሎ 1,800 ወይም 1,500 የሚል ቁጥር ፈልጉ። ለሳተላይቱ የቀረው ዴልታ ቪ በሜትር በሰከንድ ማለት ነው። የሩሲያው ፕሮቶን ከባይኮኑር ቢነሣም የላይኛው እርከኑ ደጋግሞ እየተኮሰ ሳተላይቱን 1,500 ድረስ ሊያደርሰው ይችላል። ኬክሮሱ መጥፎ ነው፤ ሮኬቱ ግን ሥራውን ራሱ ይሸከመዋል። በዚያ ልክ የሚጭነው ይቀንሳል። ቶኑን ያለዚህ ቁጥር ማወዳደር በቁናና በኪሎ የተሰፈረን ጤፍ እንደ ማወዳደር ነው።

እርምጃ 5፦ መድረሻ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚቀር አስሉ

አሁን ሳተላይቱን ራሱን እንደ ሮኬት ቁጠሩት። የተለመደው የሳተላይት ሞተር ስፔሲፊክ ኢምፐልሱ 320 ሰከንድ አካባቢ ነው። የጋዙ ፍጥነት 3,138 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። 5,500 ኪሎ የሚመዝን ሳተላይት በሁለቱም ቦታ ጂቲኦ ላይ ተለቀቀ እንበል።

የእርምጃ 3ን ቀመር ድገሙ። ከኬፕ ካናቬራሉ ጂቲኦ ተነሥቶ የ1,837 ሜትር በሰከንድ ዴልታ ቪ ነዳጅ ሲያቃጥል መድረሻው ላይ 3,063 ኪሎ ሆኖ ይደርሳል። ከኩሩው ተነሥቶ የ1,495 (ያ 1.50 ሳይጠጋጋ) ሲያቃጥል 3,416 ኪሎ ይደርሳል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም «5.5 ቶን» ነበሩ። 353 ኪሎ ተለያዩ።

353 ኪሎ ምን ያደርጋል? ተጨማሪ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ወይም ነዳጅ፤ ነዳጅ ደግሞ ዕድሜ ነው። ቋሚው ምህዋር ላይ ያለን ሳተላይት ጨረቃና ፀሐይ ስለሚጎትቱት ከሰሜን ወደ ደቡብ መወዛወዝ ይጀምራል። በቦታው ለማቆየት በዓመት 50 ሜትር በሰከንድ ያህል ያስፈልጋል። በሁለቱ ጂቲኦዎች መካከል ያለው 342 ሜትር በሰከንድ የ7 ዓመት ያህል ማቆያ ነው ማለት ነው። ነዳጁ ሲያልቅ ሳተላይቱ ሰማይ ላይ ስምንት ቁጥር መሥራት ይጀምራል። ጣሪያችን ላይ የታሰረው ዲሽ ግን አብሮት አይዞርም።

እርምጃ 6፦ ሩቅ ጫፉ 35,786 ላይ ካልሆነ አትደንግጡ

አንዳንድ ጊዜ ሮኬቱ ሆን ብሎ አልፎ ይወረውራል። በታኅሣሥ 2013 ፋልኮን 9 ኤስኢኤስ 8ን ወደ 80,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሰደደው። ሳተላይቱ 3.1 ቶን ብቻ ስለነበር ሮኬቱ ትርፍ አቅም ነበረው። ሩቅ ጫፉ ከፍ ሲል ሳተላይቱ እዚያ ይበልጥ ይዘገያል፤ ዝንባሌውን ማቃናት ይበልጥ ይረክሳል። ከ28.5 ዲግሪ ተነሥታችሁ ሩቅ ጫፉን 60,000 ብታደርጉት ሳተላይቱ የሚቀረው ከ1,837 ወደ 1,667 ይወርዳል። ሮኬቱ ግን 262 ሜትር በሰከንድ ተጨማሪ ይከፍላል። ትርፍ አቅም ካለ ያዋጣል፤ ከሌለ አያዋጣም።

ተቃራኒውም አለ። በሐምሌ 2018 የተነሣው ቴልስታር 19 ቫንቴጅ የተባለ ሳተላይት ክብደቱ ከ7 ቶን ከፍ ይል ነበር። ያው ፋልኮን 9፣ የታችኛው እርከኑ ለዳግም አገልግሎት እየተመለሰ፣ ወደ 18,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ አደረሰው። የቀረውን ሳተላይቱ ተሸከመ። ዜናው ላይ «7 ቶን ወደ ጂቲኦ» ሲባል ብትሰሙ፣ ሩቅ ጫፉን ሳትጠይቁ አትመኑ።

ኤሌክትሪክ ሞተር ያላቸው ሳተላይቶች ይህን ሁሉ ያቃልሉታል። ስፔሲፊክ ኢምፐልሳቸው ከ1,500 ሰከንድ በላይ ነው። ነዳጃቸው ጥቂት ነው። ግፊታቸው ግን እፍ እንደማለት ስለሆነ መንገዱ ወራት ይፈጃል። በ2017 የተነሣው ዩቴልሳት 172ቢ 4 ወር ወስዶበታል። ለእነሱ የእርምጃ 4 ቀመር አይሠራም፤ ቀስ በቀስ እየተጠማዘዙ ስለሚወጡ ሌላ ስሌት ይፈልጋሉ።

እርምጃ 7፦ ማሰሪያውን ቀንሱ

ይህ አጭር ነው። ሳተላይቱ ሮኬቱ ላይ የሚታሰርበት ቀለበትና ሁለት ሳተላይት አብረው ሲሄዱ የሚለያቸው መዋቅር ክብደት አላቸው። በጥቅምት 2021 አሪያን 5 በአንድ ጉዞ 11,210 ኪሎ ወደ ጂቲኦ አነሣ። የሁለቱ ሳተላይቶች ድምር ግን 10,263 ነበር። ከ900 ኪሎ በላይ ማሰሪያና መያዣ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። የፋልኮን 9ን 8.3 ቶን ከ1,837 ጋር፣ የአሪያን 6ን 11.5 ቶን ከ1,495 ጋር አድርጎ አሰላ። መድረሻው ላይ አንዱ 4.6 ቶን፣ ሌላው ማሰሪያው ሳይቀነስ 7.1 ቶን ሆነለት። ዋጋ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ እዚህ ወረቀት ላይ አልገባም።

ግን እሱ ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። «1.54 ከሆነ ለምን ከዚህ አይተኮስም?» አለኝ። ካርታ አወጣን። ከባሕር ዳር በቀጥታ ወደ ምሥራቅ መስመር አሰመርን። ጅቡቲ ከተማ ላይ አረፈ፤ ኬክሮሱ ከእኛ ጋር እኩል ነው። ርቀቱ 630 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ ከታች ያለው ሁሉ የሰው አገር ነው። የታችኛው እርከን ተለያይቶ የሚወድቀው በዚህ መስመር ላይ ነው። ኩሩና ኬፕ ካናቬራል በስተምሥራቃቸው ባሕር ብቻ ያላቸው ለዚህ ነው። የጣና ባሕርነት እዚህ ላይ አይጠቅመንም።

አፍሪካ ውስጥ ግን ቦታው ነበረ። ኬንያ ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ የቆመ ሳን ማርኮ የሚባል የጣሊያኖች መድረክ አለ። በታኅሣሥ 1970 ኡሁሩ የተባለችው የኤክስሬይ ሳተላይት የተነሣችው ከዚያ ነው። ኬክሮሱ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 2.9 ዲግሪ ነው። ሮኬቶቹ ትንንሽ ስለነበሩ ጂቲኦ አልታሰበም። እናንተ ግን በእርምጃ 4 ቀመር አስሉት። 1.48 ከመጣላችሁ ልክ ናችሁ።